ከፍተኛ ግፊት የጨውን ውስጣዊ አቋም እንደሚለውጥ የታወቀበት ታሪክ

ጨው በየቤቱ የሚገኝ ነገር ስለ ሆነ ብዙ ምርምር የሚያስፈልገው አይመስልም። ዳሩ ግን ስለ ጠጣር ነገሮች ውስጣዊ አቋም ከታወቀው ትምህርት ብዙው የተገኘው ይህንኑ ተራ ነገር በመመርመር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1912 ጀርመናዊው ሊቅ ማክስ ፎን ላውኤ የኤክስሬይ ጨረር በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ በሥርዓት እንደሚበተን አስታወቀ። በሚከተለው ዓመት በእንግሊዝ አገር አባትና ልጅ የሆኑት ዊሊያም ሄንሪ ብራግና ዊሊያም ሎውረንስ ብራግ በዚሁ ጨረር አማካይነት የጨውን አቋም ገለጹ። ይኸውም እያንዳንዱ የሶዲየም አዮን ከላይና ከታች፣ ከቀኝና ከግራ፣ ከፊትና ከኋላ በስድስት የክሎሪን አዮኖች ተከቦ ይገኛል፤ የክሎሪኑም አዮን እንዲሁ በስድስት ሶዲየም ይከበባል። ከአፋር ምድር የሚወጣው አሞሌም አቋሙ ይኸው ነው። ሁለቱ ሊቃውንት በ1915 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው ልጅየው ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ሆኖም አረጋዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሄንሪ አርምስትሮንግ፣ ጨው እንደ ሰንጠረዥ ገበታ የተደረደረ ነው መባሉን በ1927 እንኳ በጽሑፍ ተቃውሟል።

ይህ አቋም ከተረጋገጠ በኋላ ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ጨው እጅግ ቢጨመቅ ምን ይሆናል? መንገዱን የከፈተው በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ፐርሲ ብሪጅማን ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት መሣሪያዎች ግፊቱ ሲበረታ በመገጣጠሚያቸው ያፈስሱ ነበር። እርሱ ግን ግፊቱ በጨመረ መጠን ክዳኑ ይበልጥ የሚጠብቅበትን ዘዴ አገኘ፤ ለዚህም ሥራው በ1946 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ፖታሲየም ክሎራይድን በባሕር ወለል ላይ ካለው የአየር ግፊት 20,000 ጊዜ ያህል በሚበልጥ ኀይል ሲጨምቀው፣ የጨው መጠን በድንገት ቀነሰ። አዮኖቹ ስፍራቸውን ለውጠው እያንዳንዱ በስድስት ፈንታ በስምንት ጎረቤቶች ተከቦ ነበርና ነው።

ለዚህ ለውጥ የሚያስፈልገው ግፊት ከጨው ጨው ይለያያል። ሴዚየም ክሎራይድ አዮኑ ትልቅ ስለ ሆነ ያለ አንዳች ጭነት በስምንት የተከበበ ነው። የሩቢዲየም ክሎራይድ 5,000 ያህል የአየር ግፊት ይበቃዋል። የሶዲየም አዮን ግን ትንሽ ስለ ሆነ ስምንት ክሎሪኖችን በዙሪያው በቀላሉ አያስጠጋም፤ ስለዚህ የገበታ ጨው ለብዙ ጊዜ አልበገርም ብሎ ቈየ።

እርሱን ያሸነፈው አልማዝ ነው። በ1958 በዋሽንግተን፣ በአሜሪካ የመለኪያዎች ብሔራዊ ቢሮ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በሁለት አልማዞች ጫፍ መካከል ነገርን የሚጨምቅ ትንሽ መሣሪያ ሠሩ። የአልማዙ ጫፍ እጅግ ጠባብ በመሆኑ ጥቂት ኀይል ታላቅ ግፊት ይሆናል፤ ደግሞም አልማዝ ኤክስሬይን ስለሚያሳልፍ ጨዉ እንደ ተጨመቀ አቋሙን ለመመልከት ይቻላል። በ1968 ዊሊያም ባሴትና ባልንጀሮቹ በዚህ ዐይነት መሣሪያ የገበታ ጨው በ300,000 የአየር ግፊት ገደማ አቋሙን እንደሚለውጥ አሳዩ። ግፊቱ ሲነሣለት ግን ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ነገሩ በዚህ አልቆመም። በ2013 አርቴም ኦጋኖቭና የሥራ ጓደኞቹ፣ ከዚህ እጅግ በሚበልጥ ግፊት ለአንድ ሶዲየም ሦስት ክሎሪን፣ ወይም ለአንድ ክሎሪን ሦስት ሶዲየም ያላቸው ውሑዶች እንደሚገኙ አስታወቁ። አንድ ለአንድ ብለን የምናስተምረው ደንብም ወሰን እንዳለው በዚህ ታወቀ።

ከዚህ ታሪክ ለመምህራን የሚቀረው ትምህርት ግልጥ ነው። የብራጎች ግኝት አልፈረሰም፤ በተለመደው ግፊት ዛሬም እውነት ነው። ነገር ግን ደንቡን ብቻ ተቀብሎ ሁኔታውን ያልተማረ ተማሪ፣ አዲስ ነገር በሰማ ጊዜ መምህሩ የዋሸው ይመስለዋል፤ ወይም እንደ አርምስትሮንግ አዲሱን ነገር ይቃወማል። በሰሌዳው ላይ የጨውን አቋም ስንሥል «በተለመደው ግፊትና ሙቀት» የሚለውን ሐረግ አብረን ብንጽፍ የሚወስድብን ጊዜ ጥቂት ነው፤ ተማሪው ግን ዕውቀት እስከ ተመረመረበት ወሰን ድረስ የጸና፣ ከዚያም ወዲያ ለምርምር ክፍት መሆኑን ይማርበታል።