ሴት ልጅን በቤተሰብ ስም መጥራት፦ ከዳግላስ እስከ ማዲሰን

ማዲሰን፣ አዲሰን፣ ማኬንዚ፣ ኬኔዲ፣ ሃርፐር። እዚህ አሜሪካ ልጅ የምታስተምር እናት እነዚህን ስሞች ከልጇ ጓደኞች መካከል ታውቃቸዋለች። ዛሬ የሴት ልጆች መጠሪያ ሆነዋል፤ አመጣጣቸው ግን ከቤተሰብ ስም፣ እኛ በየቅጹ «ላስት ኔም» በሚለው ቦታ ከምንሞላው ነው።

ውድ እህቶች፣ ጉዳዩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአባሎቻችን አንዷ ለምትወልዳት ሴት ልጅ «ማዲሰን» የሚለውን ስም አስባ ሐሳባችንን ብትጠይቅ፣ ቡናው በረካ እስኪደርስ ተከራክረንበታል። አንዷ «ሰን ማለት ወንድ ልጅ ማለት አይደለም እንዴ? ለሴት እንዴት ይሆናል?» አለች። አንድ እናታችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይኼን ግን ያወጣው ቴሌቪዥን ነው» አሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ልጅቷ አድጋ ሥራ ስታመለክት ስሟ እንዳያደናቅፋት የፈረንጅ ስም ይሻላል ባይ ናቸው። ሙያዬ ሒሳብ ቢሆንም ታሪክ ማንበብ እወዳለሁና ሦስቱን ሐሳቦች ይዤ ወደ መጻሕፍት ሄድኩ። ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የዛሬ ፋሽን አለመሆኑ ገረመኝ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ዳግላስ ሃዋርድ የምትባል የመኳንንት ልጅ ነበረች። ዳግላስ ዛሬ የወንድ ስም ነው። ያኔ ግን የአንድ ታላቅ የስኮትላንድ ቤተሰብ ስም ነበር፤ ሕፃኗም ያገኘችው ከክርስትና እናቷ፣ ከንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የእህት ልጅ ከማርጋሬት ዳግላስ እንደሆነ ይታመናል። እንግዲህ የወንድ የሚመስለው ስም የአንዲት ሴት መታሰቢያ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዘመን ጄን ጊልፎርድ የተባለች እመቤት ከወንዶች ልጆቿ አንዱ ጊልፎርድ ተባለ። ይህ ጊልፎርድ ዳድሊ ለዘጠኝ ቀን ብቻ የነገሠችው የሌዲ ጄን ግሬይ ባል ሲሆን በ1554 ሁለቱም አንገታቸው ተቀልቷል።

ለምን እንዲህ ይደረግ ነበር? በእንግሊዞች ልማድ ሴት ስታገባ የአባቷን ቤት ስም ትታ የባሏን ትይዛለች። ልጆቿም በባሏ ይጠራሉ። የእናት ወገን ስም እንዳይጠፋ ከነበሩት መንገዶች አንዱ ለልጅ መጠሪያ አድርጎ መስጠት ነበር። እንደ እኔ በመዝገብ ለምትተዳደር ሰው፣ ከአንዱ ዓምድ የተሰረዘ ስም በሌላ ዓምድ ተመልሶ ሲገባ ማየት ነው።

ክርክሩም የቆየ ነው። ዊልያም ካምደን የተባለ የታሪክ ጸሐፊ በ1605 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የቤተሰብን ስም የክርስትና ስም ማድረግ በክርስቲያን አገሮች ሁሉ ያልታየ የእንግሊዞች ብቻ አመል መሆኑን፣ ብዙ ሰዎችም እንደሚጠሉት ጽፏል። እርሱ ግን አልፈረደባቸውም፤ ከክርስትና አባትና እናት ፍቅር፣ ወይም ስማቸው እንዲቆይ ካላቸው ምኞት የመጣ ነው ይላል። የእኛ የቡና ላይ ክርክር የ400 ዓመት ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ልማዱ ወደ አሜሪካም ተሻገረ፤ በተለይ በደቡቡ ክፍል የእናትን የቤተሰብ ስም ለሴት ልጅ ሳይቀር መስጠት የታወቀ ነው። ስሟን አልለቅም ያለች ሴት ምን ይገጥማት እንደነበር ለማወቅ የሉሲ ስቶንን ታሪክ ማየት ይበቃል። በ1855 ስታገባ በአባቷ ስም ቀረች። በ1879 በማሳቹሴትስ ሴቶች ለትምህርት ቤት ኮሚቴ እንዲመርጡ ሲፈቀድ፣ በባሏ ስም ካልተመዘገብሽ አትመርጪም ተባለች። እሷም ሳትመርጥ ቀረች። አገራችን ሴት በትዳር ስሟን አትለውጥምና እኛ ይህን ትግል አናውቀውም፤ እዚህ መጥተን ግን ቅጽ ሲያስቸግረን የባላችንን አባት ስም የያዝን ጥቂት አይደለንም።

አሁን ወደ ሸርሊ ልምጣ፤ ከሁሉም የወደድኩት የእሷን ታሪክ ነው። ሸርሊ መጀመሪያ በእንግሊዝ የቦታ ስም፣ ከዚያም የቤተሰብ ስም ነበር። በ1849 ሻርሎት ብሮንቴ «ሸርሊ» የሚል ልብ ወለድ አወጣች። በታሪኩ ውስጥ ወላጆቿ ወንድ ልጅ ሲመኙ ሴት ተወለደች፤ ለወንዱ ያሰቡትን የቤተሰብ ስም ለእሷ ሰጧት። ልጅቷ አድጋ ሀብቷን ራሷ የምታስተዳድር ኩሩ ሴት ትሆናለች። (ደራሲዋ ራሷ ሴት መሆኗ እንዳይታወቅ ከረር ቤል በሚል ስም ታሳትም ነበር። ለገጸ ባሕርይዋ የወንድ ስም መስጠቷ አይገርምም።) ከመጽሐፉ በኋላ ስሙ ቀስ በቀስ ወደ ሴቶች ዞረ። በ1930ዎቹ ደግሞ ሕፃኗ የፊልም ተዋናይ ሸርሊ ቴምፕል አገሩን ሁሉ ማረከች፤ በ1935 በአሜሪካ ለተወለዱ ሴቶች ከሜሪ ቀጥሎ በብዛት የተሰጠው ስም ሸርሊ ሆነ። ተዋናይዋ በኋላ በጋና የአሜሪካ አምባሳደር ሆና ሠርታለች። ዛሬ ሸርሊ ሲባል «ይሄ እኮ የወንድ፣ የቤተሰብ ስም ነው» የሚል የለም፤ የአያቶች ስም ሆኗል።

ማዲሰንም የመጣው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ፍጥነቱ ግን ሌላ ነው። በ1984 «ስፕላሽ» በሚባለው ፊልም አንዲት ከባሕር የወጣች ዓሣ መሰል ሴት ኒው ዮርክ ውስጥ ስትሄድ የማዲሰን ጎዳናን ምልክት አይታ ስሟ እንዲሆን ትመርጣለች። አብሯት ያለው ሰው ይህ ስም አይደለም ይላታል፤ ቀልዱም ይህ ነበር። ከዚያ በፊት ለሴት ልጅ ማዲሰን ማለት ያልተለመደ ነበር። በ2001 ግን በመላ አሜሪካ ለተወለዱ ሴቶች 2ኛው ስም ሆነ። ቀልዱን ያልሰሙ ወላጆች በቁም ነገር ወሰዱት። ስለዚህ «ያወጣው ቴሌቪዥን ነው» ያሉት እናታችን ከእውነቱ ብዙም አልራቁም። ጎዳናው የተሰየመው በ4ኛው ፕሬዚዳንት በጄምስ ማዲሰን ነው።

«ሰን» የሚለውስ? በእርግጥ ወንድ ልጅ ማለት ነው። የማን ልጅ የሚለው ግን አስገራሚ ነው። የስም አጥኚዎች ማዲሰንን የማቲው ልጅ ወይም የሞድ ልጅ ብለው ይፈቱታል። ሞድ ማቲልዳ የሚለው የሴት ስም አጠራር ነው። ሁለተኛው ፍቺ ልክ ከሆነ ያ ቤተሰብ የሚጠራው በአባት ሳይሆን በአንዲት እናት ስም ነበር። በእኛ ቤት ደግሞ ክርስቲያን ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ «ወለተ» የሚል፣ የእገሌ ሴት ልጅ ማለት የሆነ ስም ይሰጣታል። እቴጌ ጣይቱም ወለተ ሚካኤል ነበሩ። ትርጉም ያለው ስም ይኑራት ለሚሉ እናታችን ይህ መልስ ይመስለኛል፤ ልጅቷ በትምህርት ቤት ማንም ትባል፣ ባዶ እጇን አትቀርም።

የወጣቶቹ ሐሳብም ከአየር የመጣ አይደለም። በ2004 የታተመ የቦስተንና የቺካጎ ጥናት፣ ይዘታቸው ተመሳሳይ የሥራ ማመልከቻዎች የነጭ ስም ሲጻፍባቸው የጥቁር አሜሪካዊ ስም ካላቸው በግማሽ ያህል የበለጠ ጥሪ አግኝተዋል። ይህ የስሙ ጥፋት ሳይሆን የቀጣሪው ነው፤ የሚከፍለው ግን ባለስሙ ነው። እናት ይህን ብታስብ አልፈርድባትም።

ነገር ግን ከሥራዬ ያየሁትን አንድ ችግር ልንገራችሁ። የእኛ አባቶች ስም ብዙ ጊዜ ለፈረንጅ የመጠሪያ ስም ነው፤ ዳንኤል፣ ሳሙኤል፣ ዮሴፍ። «ማዲሰን ዳንኤል» የሚል ቅጽ የደረሰው ጸሐፊ የትኛው የቤተሰብ ስም እንደሆነ ግራ ይገባዋል፤ ብዙ ጊዜም ገልብጦ ዳንኤል ማዲሰን የሚባል ወንድ ልጅ ያደርጋታል። «ሰላም ዳንኤል» ወይም «ሣራ ዳንኤል» ላይ ይህ ችግር ያንሳል።

የኔ አስተያየት ይህ ነው። በቤተሰብ ስም ልጅ መጥራቱን አልቃወምም፤ ስሙ የምናውቀው ሰው ቢሆን እመርጣለሁ። ደራሲዋ ሃርፐር ሊ «ሃርፐር» የተባለችው የታላቅ እህቷን ሕይወት ባተረፈ ሐኪም ስም እንደሆነ ይነገራል፤ ይህ ደስ ይላል። የጎዳና ምልክት ግን ለማንም ምስጋና አይሆንም። የእኛ ልጆች የአባትና የአያት ስም ይዘው ሲሄዱ የእናት ስም የትም አይገባም። በልደት ቅጹ ላይ ግን የመካከለኛ ስም ቦታ አለ፤ ብዙዎቻችን ባዶ እንተወዋለን። የእናትየዋ ስም እዚያ ቢገባ የጥንቷ ሞድ ልጆች እንዳደረጉት ይሆናል፤ የመጀመሪያው ስም ማዲሰን ሆነም ሌላ።

የመረጣችሁትን ስም በልደት ምስክር ወረቀቱ፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱና በፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደልና ቅደም ተከተል አስጽፉ። ስሙና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ ካልተስማሙ በኮምፒውተር የሚላከው የግብር ማመልከቻ ተመላሽ ይሆናል፤ የሚጠበቀው ተመላሽ ገንዘብም ይዘገያል።