የ1872ቱ የፈረሶች ሳል

ፈረስ ሲስል ነገሩ ለባለቤቱ ብቻ የሚተው ቀላል ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1872 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ አካባቢ የተነሣው የፈረስ ሳል በጥቂት ወራት ውስጥ የሰሜን አሜሪካን ከተሞች አዳርሶ ጋሪዎችን አቆመ። በኖቬምበር 9 ቀን ቦስተን ስትቃጠል፣ ፈረሶቹ ስለ ታመሙ የእሳት ማጥፊያውን መሣሪያ ሰዎች በገመድ ጎትተውታል።

በብዙ ስፍራ የሞቱት ከመቶ 1 ወይም 2 ብቻ ነበሩ፤ የባሰው ችግር ትኵሳቱ ከበረደ በኋላ የሚቈየው ሳል ነበረ። ሊቃውንት ዛሬ ኢንፍሉዌንዛ ነው የሚሉት ይህ በሽታ የመተንፈሻን ቧንቧ የሚጠርጉትን ረቂቅ ጸጉሮች ያጠፋል፤ እነርሱም እስኪታደሱ ቢያንስ 3 ሳምንት ያስፈልጋል። በሽታው ከዚህ በፊት ያልነካው ወጣት ድንክ ፈረስም ይበልጥ ይጎዳል።

የሚረዳው ንጹሕ አየር፣ አቧራ የሌለበት ድርቆሽና ከሁሉም በላይ ዕረፍት ነው። ዕረፍት ግን ለድኻው ባለጋሪ የዕለት እንጀራ ማጣት ነበረ። ስለዚህ የዚያ ዘመን የፈረስ ሳል ታሪክ የባለቤቱም የኑሮ ታሪክ ነው፤ የሚያስለውን ፈረስ ያለ ጊዜው የጫነውን ሰው ጨካኝ ከማለታችን በፊት ጓዳውን መመልከት ይገባናል።