ስም ሳይጠይቁ መሰየም

ሴቻ ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ስታዩ ሁለት ሐይቅ ይታያችኋል፤ በግራ ቀላ ያለው አባያ፣ በቀኝ ሰማያዊው ጫሞ። በመሀላቸው ያለውን ደናማ ጉብታ ሰዉ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ውሃ ዳር ሄጄ ሳልዋኝ የተመለስኩት እዚህ ብቻ ነው። አዞዎቹ ቀድመውናል።

ሲቀላ መናኸሪያ ስወርድ የጀርባ ቦርሳ ያዘሉ ሁለት ልጆች ባጃጅ ሲከራከሩ አገኘሁ፤ አንዲት ጣሊያናዊት ተማሪና ሽሮ ሜዳ ያደገ ልጅ። ሂሳቡን ለሦስት ተካፍለን ወደ ሴቻ ወጣን። ማታ አሳ ጥብስ ከበን ስንበላ ጓደኛሞች ሆነን ነበር።

ጣሊያናዊቷ ስልኳ ላይ የድሮ ካርታ አሳየችን። አባያ ላይ «ማርጋሪታ» ይላል።

«የፒዛዋ ናት እንዴ?» አለ የሽሮ ሜዳው ልጅ።

ሳቅን እንጂ አልተሳሳተም፤ ፒዛዋም በዚያችው ንግሥት ስም ተሰየመች ይባላል። ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለ የጣሊያን መኮንን ከ1895 እስከ 1897 እ.ኤ.አ. ደቡቡን ሲያስስ፣ አባያን በንጉሥ ኡምቤርቶ ሚስት በማርጋሪታ ስም ሰየመው። ጫሞ ደግሞ በ1893 ዝሆን በገደለው በልዑል ሩስፖሊ ስም ተጠራ። ልብ በሉ፣ ቦቴጎ ገና በጉዞ ላይ እያለ የአገሩ ጦር አድዋ ላይ ድል ሆኗል። እሱም በ1897 ወለጋ ውስጥ ተገደለ። ስሞቹ ግን የአውሮፓ ካርታ ላይ ለአሥርት ዓመታት ቆዩ። የአካባቢው ሰው ሐይቁን አባያ ማለቱን አልተወም።

«ሳይጠይቁ ስም ማውጣት!» ብዬ ተኮፈስኩ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞርኩና፣ «አንተማ አገርህ ነው፤ ዶርዜ ነህ አይደል?» አልኩት።

«አይደለሁም» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «አባቴ የዶኮ ሰው ነው። ጋሞ ነን።»

ዶርዜ በጋሞ ደጋ ካሉት አካባቢዎች አንዱ ነው። ዶኮ አለ፣ ኦቾሎ አለ፣ ቦንኬ አለ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበት ዱቡሻ የሚባል አደባባይም አላቸው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከዚህ ደጋ ብዙ ሸማኔ አዲስ አበባ ገባ። ከተሜው ደግሞ ከየት መጣህ ብሎ ሳይጠይቅ ሁሉንም «ዶርዜ» አለው። ቦቴጎ ሐይቅ ላይ ያደረገውን እኛ ሰው ላይ አደረግነው። የቦቴጎ ስም ከካርታው ወርዷል፤ የእኛው እስካሁን አፋችን ላይ አለ።

በማግስቱ ሦስታችንም ወደ ዶኮ ወጣን። ልጁ የአባቱን አገር ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። አያቱ በር ላይ ተቀበሉን። እሱን አቅፈው ብዙ አለቀሱ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው በእሱ አስተርጓሚነት መጀመሪያ የጠየቁን ስማችንን ነው።

ማታ ሴቻ ተመልሰን እናቴ ጋ ደወልኩ። ልጅ እያለሁ ከጓሯችን ተከራይቶ የሚኖር ሸማኔ ነበር። የጥምቀት ቀሚሷን፣ እኔ የታዘልኩበትን ነጠላ፣ ሁሉንም የሠራው እሱ ነው።

«እማዬ፣ ያ ሸማኔ ጎረቤታችን ስሙ ማን ነበር?»

ትንሽ አሰበች።

«የቱ?» አለችኝ። «ዶርዜው?»