ጄሚኒ 5
ጄሚኒ 5 የአሜሪካ የሕዋ ድርጅት ናሳ ከነሐሴ 15 እስከ 23 ቀን 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከኦገስት 21 እስከ 29 ቀን 1965) ያካሄደው ሰው የያዘ የጠፈር በረራ ነው። መንኮራኩሯን የመራት ጎርደን ኩፐር ሲሆን፣ አብራሪው ቻርልስ (ፒት) ኮንራድ ነበር። በረራው 8 ቀን ሊሞላ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ያበቃ ሲሆን፣ እስከዚያን ጊዜ ከተደረጉት ሁሉ ረጅሙ ነበር። 8 ቀን የተመረጠው ወደ ጨረቃ ደርሶ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ ስለሆነ ነው።

የኤሌክትሪክ ኃይል ብልሽት

ቀደም ያሉት የአሜሪካ መንኮራኩሮች በባትሪ ይሠሩ ነበር። ጄሚኒ 5 ግን ኦክስጅንና ሃይድሮጅንን በማዋሐድ ኤሌክትሪክና ውሃ የሚያመነጭ ፉዌል ሴል በመያዝ የመጀመሪያዋ ናት። በረራው በተጀመረ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የኦክስጅን ታንኩ ማሞቂያ ተበላሸ፤ የታንኩም ግፊት ከ850 ወደ 65 ፓውንድ በካሬ ኢንች ወረደ። ጠፈርተኞቹ ኃይል ለመቆጠብ አብዛኞቹን መሣሪያዎች አጠፉ። በዚህም ምክንያት ከመንኮራኩሯ ከተለቀቀች ትንሽ ኢላማ ጋር ሊደረግ የታሰበው የመገናኘት ልምምድ ቀረ።

ለመመለሻ የተያዙ ባትሪዎች ስለነበሩ ወዲያውኑ መውረድ ይቻል ነበር። ነገር ግን በምድር ላይ በተደረገ ሙከራ ፉዌል ሴሉ በዝቅተኛ ግፊትም እንደሚሠራ ታወቀ። ግፊቱ መውረዱን ሲያቆም መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ በረራውም ቀጠለ። በ3ኛው ቀን ጠፈርተኞቹ በስሌት ብቻ ወደተወሰነ፣ በእውን ወደሌለ ኢላማ በመጓዝ የቀረውን ልምምድ ተኩ።

ከ5ኛው ቀን ጀምሮ ደግሞ አቅጣጫ የሚያስተካክሉት ትናንሽ ሞተሮች መታወክ ጀመሩ። ስለዚህ መንኮራኩሯ ከቀረው ጊዜ አብዛኛውን ያለ ቁጥጥር እየተንሳፈፈች አሳለፈች።

አመላለስ

በማረፊያው አካባቢ ማዕበል ስለነበረ መንኮራኩሯ ከታቀደው አንድ ዙር ቀድማ ወረደች። አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያረፈችው ከታሰበው ቦታ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሳትደርስ ነው። ምክንያቱ ከምድር የተላከው የስሌት ቁጥር ስሕተት ነበር፦ ምድር በ24 ሰዓት 360.98 ዲግሪ ስትዞር፣ የተሰጠው ቁጥር 360 ብቻ ነበር። ሁለቱም ጠፈርተኞች በሄሊኮፕተር ተነሥተው ሌክ ሻምፕሌን ወደተባለችው መርከብ በደኅና ተወሰዱ።

የኢትዮጵያ ጉብኝት

ኩፐርና ኮንራድ በመስከረም 1958 ዓ.ም. የተለያዩ አገሮችን በወዳጅነት ሲጎበኙ ወደ ኢትዮጵያም መጥተው ከዓፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተዋል።

ውጤት

በረራው ሰው ለጨረቃ ጉዞ የሚበቃ ጊዜ በጠፈር መቆየት እንደሚችል አሳየ። ፉዌል ሴልም በአፖሎ መንኮራኩሮች አገልግሏል። ኮንራድ በ1962 ዓ.ም. በአፖሎ 12 ተጉዞ ጨረቃን የረገጠ 3ኛው ሰው ሆነ።