ገሳ የለበሰው ጠባቂ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የጣና ዳር ገበሬ ሐሳቡ ከዝናቡ ወደ ወፉ ይዞራል። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ማሳው መሃል ማማ ይተከላል፤ ልጅም ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ ይወጣበታል። በቡሄ ሰሞን ለጨዋታ ሲጮህ የሰነበተው ጅራፍ አሁን ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ልጁን ከካፊያ የሚያድነው ገሳ ነው፤ ከፊላ ወይም ከመሰል ሣር ተጎንጉኖ ከራስ እስከ ወገብ የሚወርድ፣ እዚያው ቤት የሚሠራ ልብስ። ገሳ ደፍቶ የቆመን ልጅ ከሩቅ ያየ ሰው ከወፍ ማስፈራሪያ አይለየውም።

ማስፈራሪያውም የዚያኑ ያህል ቀላል ነው። ሁለት እንጨት ተጠላልፎ ይታሰራል፣ ያለቀ ኮት ይለብሳል፣ እጅጌው ገለባ ይጎርሳል፣ አናቱ ላይ አሮጌ ቆብ ይደፋል። ችግሩ ወፍ ቶሎ መልመዷ ነው። ስለዚህ ቦታውን በየጊዜው መቀያየር ግድ ይላል። ጦጣማ ጭራሽ አይታለልም።

በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ያለበት የሩዝ እርሻ እዚያው ጣና ዳር ባለው በፎገራ ሜዳ ሲጀመር ጥበቃውም አብሮ ሰፋ። የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጥለቀልቁት ያ ረግረግ ድሮም የወፍ አገር ነበር፤ “ኤክስ ጅግና” የተባለው የሩዝ ዝርያ ደግሞ ለወፉ አዲስ ማዕድ ዘረጋለት።

የዚህ ሁሉ ዕዳ ልጆቹ ላይ ነበር። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም፣ እሸቱም የሚደርሰው በዚያው ሰሞን ነው። አሮጌ ኮት የለበሰው እንጨት በልጅ ምትክ ማማው ላይ በቆመ ቁጥር አንድ ልጅ ደብተሩን ይዞ ይሄዳል።