የወንጀል ልብ ወለድና የውሰት ንባብ፦ ከቦሌ እስከ ስቶክሆልም

የወንጀል ልብ ወለድ፣ ማለትም በአንድ ግድያ ወይም በስውር ደባ ዙሪያ ተጠንስሶ አንባቢውን ከመርማሪው ጋር ፍንጭ እያስለቀመ እስከ መጨረሻው የሚያጓጓው የትረካ ዓይነት፣ በአዲስ አበባ የንባብ ታሪክ ውስጥ የያዘው ስፍራ በመጻሕፍት መደብሮች ሽያጭ ብቻ የሚለካ አይደለም። ዘርፉ በአብዛኛው የኖረው በውሰት ነው። ገዢው አንብቦ ለባልንጀራው ያውሳል፤ ባልንጀራውም ተራ ለያዘው ለሌላው ያስተላልፋል፤ መጽሐፉም ሽፋኑ እስኪገነጠል ድረስ ይዞራል። ይህ ልማድ ከገንዘብ እጥረት ብቻ የመነጨ አይደለም፤ ምስጢሩ አንዴ የተገለጠለት ባለቤት መጽሐፉን ደግሞ ለማንበብ የሚኖረው ጉጉት ስለሚቀንስ፣ ስለ ታሪኩ የሚያወጋው ሰው ለማግኘት ሲል ፈጥኖ ለሌላ ለመስጠት ይነሳሳል።

ለውጭ አገር መጻሕፍት ቦሌ አንዱ ዋና በር ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉትን የጄት አውሮፕላኖች ሲረከብ እስከዚያ ያገለግል የነበረው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ለእነዚህ የማይበቃ በመሆኑ፣ በከተማይቱ ደቡብ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተሠራው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የአገሪቱ ዓለም አቀፍ መግቢያ ሆነ። በዚያ በኩል ከሚገቡት መንገደኞች፣ ከትምህርት ከሚመለሱ ወጣቶችና ከአየር መንገዱ ሠራተኞች ሻንጣ ውስጥ የወጡ ስስ ሽፋን ያላቸው የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች በቤተ ዘመድና በሥራ ባልደረቦች መካከል ከዞሩ በኋላ፣ ወደ አሮጌ መጻሕፍት ሻጮችና መጻሕፍትን በክንዳቸው ደርድረው ከካፌ ካፌ ወደሚያዞሩ ወጣቶች እጅ ይገቡ ነበር።

በአማርኛም ዘርፉ የራሱን ጸሐፍት አፍርቷል። ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን ወደ አማርኛ በመመለስ ሰፊ አንባቢ ሲያገኝ፣ ይልማ ሀብተየስ ደግሞ እንደ «የአበቅየለሽ ኑዛዜ» ባሉ ሥራዎቹ የወንጀል ምርመራን በአገር ቤት ሰዎችና ሥፍራዎች ላይ ተከለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የአንባቢውን ክልል ሲያሰፋ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» የተባለው የኢትዮጵያ ሬዲዮ ዝግጅት ልብ ወለዶችን በድምፅ እያስነበበ መጽሐፉን መግዛት ወይም ፊደል መለየት ላልቻለው ሁሉ ያዳርስ ነበር። ይሁን እንጂ የኅትመት ሥራው በአብዛኛው በመንግሥት እጅ ነበር፤ ጽሑፎች ከመታተማቸው በፊት የሚፈተሹበት የቅድመ ምርመራ፣ በተለምዶ ሳንሱር የሚባለው፣ አሠራርም ምን ወደ አንባቢ እንደሚደርስ ይወስን ነበር።

የውሰት ንባብ ከጊዜ ማሳለፊያነት አልፎ መጽሐፍን ከመጥፋት የሚታደግ ዘዴ መሆኑ የታየው በበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የታተመው ይህ ልብ ወለድ፣ በ1974 ዓ.ም. መንግሥት በኤርትራ አማጽያን ላይ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ አድርጎ፣ ለዘመቻው ወደ አስመራ የተላከውን ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለ ማርያምን በፍቅርና በስለላ መረብ ውስጥ ያስገባዋል። ደራሲው ራሱ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ ዘመቻውን በቅርብ ያየ በመሆኑ፣ አንባቢው በገጸ ባሕርያቱ ጀርባ የጊዜውን ሹማምንት መፈለጉ አልቀረም። መጽሐፉ ገበያ ላይ በዋለ በአጭር ጊዜ ውስጥ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ በዓሉም ከሥራው ተነሣ፤ የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ከመሰብሰብ የተረፉት ቅጂዎች ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እየተሻገሩ ተነበቡ። በዚህ ጊዜ ማዋስ የመተማመን ፈተና ሆነ፤ መጽሐፉን የሰጠም የተቀበለም እኩል ይጠየቅበት ነበርና አዋሹ መጽሐፉን ከመስጠቱ በፊት የተዋሹን ጠባይ መመዘን ነበረበት።

በስዊድን የዘርፉ ታሪክ የተጓዘው በሌላ መንገድ ነው። ማይ ሾዋልና ፔር ቫሉ የተባሉት ጥንድ ደራስያን እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1975 ባወጧቸው 10 ልብ ወለዶች፣ ማርቲን ቤክ በተባለው የፖሊስ መርማሪ አማካይነት የአገራቸውን የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ጉድለት በግልጽ ሲነቅፉ፣ ከሳንሱር ጋር አልተጋጩም። የእነርሱን ፈር የተከተለው ጋዜጠኛ ስቲግ ላርሾን እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሞት ገና ያልታተሙ ሦስት ልብ ወለዶችን ትቶ ነበርና፣ ሥራዎቹ ከሞቱ በኋላ በዓለም ዙሪያ በብዙ ሚሊዮን ቅጂዎች ተሸጡ።

ሁለቱ ታሪኮች ግን በሁለት ነጥቦች ይገናኛሉ። የመጀመሪያው በዓሉ በኋላ የጻፈበት የኤርትራ ጦርነት ራሱ ነው፤ ላርሾን ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ወደ ኤርትራ ሄዶ ለነፃነት ይዋጋ የነበረውን የኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር ሴት ተዋጊዎች በሞርታር አጠቃቀም እንዳሠለጠነ በሕይወት ታሪኩ ተጽፏል። ሁለተኛው ነጥብ የኅትመት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ላርሾንን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያቀረበው የለንደኑ ማክሌሆስ ፕሬስ፣ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ የተተረጎመውን «ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 አሳተመ። ስለዚህ በአዲስ አበባ አንባብያን በድብቅ ሲዋዋሱት የነበረው ሥራ፣ የላርሾንን ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ባወጣው አሳታሚ በኩል ከተመሳሳዩ መደርደሪያ ደረሰ።

የቅድመ ምርመራው አሠራር በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ከተሻረ ወዲህ «ኦሮማይ» በግልጽ ታትሞ ይሸጣል፤ የውሰት ልማድም ከፍርሃት ተላቅቆ ወደ ቀድሞ የወዳጅነት መልኩ ተመልሷል። ሆኖም ለጥንቱ ውሰት የተከፈለ ዋጋ አለ። መጽሐፉን ያዳነው ስውር ዝውውር ለደራሲውም ሆነ ለቤተሰቡ ገቢ አላስገኘም፤ ስንት ሰው እንዳነበበውም መዝገብ አልተወም። የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ በኅትመት ብዛት ብቻ ሲጻፍ በርካታ አንባብያን ከቁጥር የሚወጡት ከዚህ የተነሣ ነው፤ እነዚህን አንባብያን ወደ ታሪኩ ለመመለስ ተመራማሪው ከአሳታሚዎች ሒሳብ ይልቅ መጽሐፉን ማን ለማን እንዳዋሰ መጠየቅ ይኖርበታል።