ከባድ መኪናና የባሕር በር

ስለ ምድር ባቡራችን ብዙ ተጽፏል። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ እንዴት እንደ ደረሰ፣ ማን እንደ ተዋዋለ፣ ማን እንደ ተቃወመ ገና በትምህርት ቤት ሳለን ተነግሮናል። የጭነት መኪና ግን ታሪክ ጸሐፊ አላገኘም። የምንበላውንና የምንለብሰውን የሚያመጣልን እሱ ሆኖ ሳለ፣ ስሙ የሚነሣው ገደል የገባ ወይም ሰው የገጨ ዕለት ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድሞክር የገፋፋኝ አንዱ ይኸው ነው። ሌላው ምክንያቴ ደግሞ የቤት ነው፤ አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከኮምቦልቻ አሰብ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ነው ያሳደገን።

ነገሩ በደንብ የሚጀምረው ከጣሊያን ወረራ ነው። ከዚያ በፊት መኪና አልነበረም ማለት አይደለም፤ በምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገብቷል። ጭነት ግን የግመል፣ የበቅሎና የአህያ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ የገጠመው ችግር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከባሕር ወደ ደጋ የሚያወጣው ባቡር የፈረንሳይ፣ ወደቡም የፈረንሳይ፣ ሒሳቡም ውድ። ስለዚህ ጣርማበርን በሳ፤ ከአሰብ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወሎ ላይ የሚወጣ መንገድም ዘረጋ። የአሰብ መንገድ እንግዲህ ከጂቡቲ ለማምለጥ የተሠራ መንገድ ነው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ካስቀራቸው መኪኖች ብዙዎቹን እንግሊዞች ወሰዱ። ቃላቱን ግን የወሰደ የለም። ፊያት 634 «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ ቀረ። ጋቢና፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ ሁሉ በዚያው በር የገቡ ናቸው። እዚሁ የቀሩት ጣሊያኖች ጋራዥ ከፈቱ፤ ከእነሱ ሥር መፍቻ ሲያቀብሉ የዋሉ ልጆች ናቸው በኋላ አገሪቱን ያሳደሩት መካኒኮች።

በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ለመንገድ ሥራ ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አሰብ የኢትዮጵያ ወደብ ሆነ። በ1959 ዓ.ም. ሶቪየቶች የሠሩት የነዳጅ ማጣሪያ እዚያ ሥራ ሲጀምር ቦቴው በቦቴ ላይ ተደረበ። በ1960ዎቹ የመንገዱ ንጉሥ ፊያት 682 ኤን 3 ነበር፤ ሕዝቡ በአጭሩ «ኤንትሬ» ያለው። ተሳቢውን እየጎተተ ዳገት ሲወጣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማ ነበር። እናታችን ከድምፁ የአባታችንን መኪና ለይታ ሽሮ ትጥድ እንደ ነበር እኛ ልጆቿ ምስክሮች ነን።

አባቴ በ1958 ዓ.ም. በረዳትነት ነው የጀመረው። የረዳት ኑሮ ቀላል አልነበረም። ዳገት ላይ መኪናው ሲያቅተው ታኮ ይዞ ከኋላ ጎማ ሥር ይሮጣል። ጎማ ይፈታል፣ ያስራል። ሌሊት ሸራው ላይ ተኝቶ ሌባ ይጠብቃል። ደመወዙ በአብዛኛው ምግቡና የሚማረው ሙያ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ መሪ ጨበጠ። በቀን የበረሃው ሙቀት ጎማ ስለሚያፈነዳ ሌሊት ሌሊት ይነዱ ነበር። የቦታዎቹን ስም እኛ ከፊደል ጋር ነው የቆጠርነው፤ ባቲ፣ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ ዶቢ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ አሰብ።

አባቴ የሚፈራው ግን ገደሉንም ሽፍታውንም አልነበረም፤ መቆምን ነበር። «መኪና ሲሄድ ያበላል፣ ሲቆም ይበላል» ይል ነበር። ስለ ጭነት ማመላለሻ ችግር ሲወራ መንገዱ፣ የመኪናው እርጅና፣ የሹፌሩ ጠባይ ይነሣል። ሁሉም እውነት አለበት። እኔ ግን ታሪኩን ወደ ኋላ ባየሁት ቁጥር የማገኘው ያንኑ አንድ ነገር ነው፤ የቆመ መኪና።

ደርግ ብሔራዊ ትራንስፖርት ኮርፖሬሽንን አቋቋመ፤ የግል ባለመኪናዎችንም በቀጠና አደራጅቶ ጭነቱን በተራ፣ ዋጋውን በታሪፍ አደረገው። አሠራሩን ጨርሶ ማጣጣል ተገቢ አይመስለኝም፤ አንዲት አሮጌ መኪና ያለው ሰውም ተራው ሲደርስ ይጭን ነበር። ጉዳቱ ግን የሚቸኩል ሰው ማጥፋቱ ነው። ፈጥኖ ቢመለስም ተራው አይፈጥንለትም። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ አሰብ ላይ እህል ተከመረ፤ የሚያነሣው መኪና አነሰ ተባለ። ማነሱ እውነት ነው። አባቴ ግን ባዶ መኪናውን ይዞ እዚያው 19 ቀን ቆሟል። በብትን የመጣው እህል ጆንያ እስኪገባ፣ ጆንያው እስኪገኝ፣ ወረቀቱ እስኪፈረም ነው። ሲመለስ ለሁለት ቀን ያህል ከሰው ጋር አልተነጋገረም። በመንገድ ዳር ያየውን ሕዝብ ለእኛ የነገረን ካደግን በኋላ ነው።

ጦርነቱ ሲብስ ወደ ሰሜን የሚሄደው በኮንቮይ ሆነ። በጥቅምት 1980 ዓ.ም. ከአሥመራ በስተደቡብ የእርዳታ እህል የጫኑ ከ20 በላይ መኪኖች በሻዕቢያ ጥቃት ተቃጠሉ። አባቴ ያን ጊዜ ሚሌ ነበር። እናቴ ግን ይህን እስክታውቅ ድረስ አራት ቀን አልበላችም።

በ1984 ዓ.ም. ቀጠና ቀረ። ገበያው ነጻ ሆነ፤ አዳዲስ መኪና ገባ፤ ደላላም አብሮ ገባ። ከዚያ ግንቦት 1990 ዓ.ም. መጣ። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ለእኛ በቀናት ውስጥ ተዘጋ፤ ዕቃችንም እዚያው ቀረ። ማንዳና ቡሬ፣ አባቴ ሻይ የሚጠጣባቸው ቦታዎች፣ የጦር ግንባር ሆኑ። መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጋላፊ አዞረ። ጣሊያን በውድነቱ ሸሽቶ ሌላ መንገድ ወደ ሠራለት ወደዚያው ወደ ጂቡቲ ተመለስን ማለት ነው፤ ያውም ያለ አማራጭ። አባቴ ጋላፊን ሁለት ጊዜ ብቻ ሄደበትና ቁልፉን አስረከበ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርቷል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለማወቅ ከልጆቹ አንዱ ሹፌር መሆን ነበረበት፤ ታናሽ ወንድሜ ሆነ። እሱ እንደሚነግረኝ መኪናው ወደ ወደብ በአብዛኛው ባዶውን ነው የሚወርደው። የምናስገባው ከምናስወጣው እጅግ ስለሚበልጥ የደርሶ መልሱን ናፍጣ የሚከፍለው የመልስ ጭነት ነው። በመልሱ ደግሞ ወደብ ላይ ወረፋ፣ በየኬላው ፍተሻ፣ በየከተማው የኮቴ ክፍያ፣ ማራገፊያው ላይ ደግሞ መጋዘን እስኪለቀቅ መቆም አለ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በጂቡቲ መስመር ብዙ ሹፌሮች ተይዘው ስለ ነበር ሻይ የሚሸጥላቸው ጠፋ። ዕቃው ግን ሲፈለግ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የሁሉ ክፉ የሆነው እገታ መጣ፤ በአንዳንድ መስመር ሹፌር ታግቶ ቤተሰቡ ገንዘብ ይጠየቃል፣ የተገደለም አለ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የጎማና የመለዋወጫ ዋጋ የወንድሜ ዋነኛ ወሬ ሆኗል። የኤሌክትሪክ ባቡሩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ መኪና ሊቀር ነው ያሉ ነበሩ። ባቡሩ ኮንቴይነሩን ሞጆ ያደርሰዋል፤ ከሞጆ ወዲያ ላለው አገር ያው መኪናው ነው።

በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የቡሬ ድንበር ሲከፈት አባቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ነበር። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። «ያ ከኋላ የሚታየው ኮረብታ አልተለወጠም» አለ። በማግሥቱ ወንድሜን ጠርቶ በጋቢና እንዲወስደው ለመነው፤ መንጃ ፈቃዱንም ከሣጥን አውጥቶ አሳየው፤ ጊዜው ካለፈ ዓመታት ሆኖታል። ወንድሜ ጭነት ላይ ነበርና ለፋሲካ ተቀጣጠሩ። ድንበሩ በዚያው ዓመት ተመልሶ ተዘጋ። አባቴ አሁንም ወንድሜ ከመንገድ በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ደህና ነህ ወይ» ብሎ አይደለም፤ «እየሄድክ ነው ወይስ ቆመሃል» ብሎ ነው።